እባቤ አልበላ አለኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እባብ የሚያሳድግ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ቀን ይመጣበታል። አይጡን ከፍሪዘር አውጥቶ፣ አሙቆ፣ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ያቀርባል። እባቡ ምላሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ ያደርግና ቀስ ብሎ አንገቱን ያዞራል። በሳምንቱም ያው። በወሩም ያው። ባለቤቱ ይጨነቃል። ቢጨነቅ አይፈረድበትም፤ የሚወዱት እንስሳ ሳይበላ ሲውል ሲያድር ማየት ከባድ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ለዓመታት ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። የምናወራው በቤት ውስጥ በብዛት ስለሚያዙት ነው፦ ቦል ፓይተን፣ ኮርን ስኔክ፣ ኪንግ ስኔክ፣ ቦአ እና ሆግኖዝ።

እባብ ሳይበላ ስንት ጊዜ መቆየት ይችላል?

ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ። ጤናማና ሥጋ የያዘ አዋቂ ቦል ፓይተን ሦስት አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይበላ ይቆይና አንድ ማታ ምንም እንዳልተፈጠረ አይጡን ላፍ ያደርጋል። ኮርን ስኔክና ኪንግ ስኔክ ግን ሆዳሞች ናቸው። እነሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትለው እምቢ ካሉ ምክንያቱን ቶሎ መፈለግ ይሻላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ከምንበላው ውስጥ ብዙውን የምናውለው የሰውነታችንን ሙቀት ለመጠበቅ ነው። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ስለዚህ ወጪው ትንሽ ነው። ምግብ ሲጠፋ ያችኑ ትንሽ ወጪ ይቀንሳታል። ማርሻል ማክኪው የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ቦል ፓይተንን ጨምሮ ሦስት ዓይነት እባቦችን እስከ 168 ቀን ያለ ምግብ አቆይቶ ተከታትሏቸው ነበር። የኃይል ፍጆታቸውን እስከ 72 በመቶ ድረስ ቀንሰው አገኛቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በርዝመት ማደጋቸውንም አላቆሙም።

ይህን የምነግራችሁ ቸል እንድትሉ አይደለም። ለመረጋጋት ጊዜ እንዳላችሁ እንድታውቁ ነው። ሁለት ነገር ግን ለዩ። አንደኛ፣ ገና የተፈለፈለ እባብ የተጠራቀመ ስብ ስለሌለው እንደ አዋቂው ወራት አይሰጣችሁም። ሁለተኛ፣ ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚጾም እባብ ንጹህ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቡ መኖር አለበት።

ታዲያ መቼ ነው መጨነቅ ያለብኝ?

ቀን አትቁጠሩ፤ ክብደቱን ለኩ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ። "ስድስት ሳምንት ሆነው" የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግረንም። "ከ1,450 ግራም ወደ 1,420 ወረደ" የሚለው ግን ብዙ ይነግረናል።

በግራም የሚለካ ተራ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት፤ ከዚያ እባቡን ክተቱበት። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል፤ በየቀኑ ማውጣት ራሱ ይረብሸዋል። አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ፦ እባቡ በተጸዳዳ ማግስት ክብደቱ በአንዴ ዝቅ ይላል። ያ ክሳት አይደለም። ስለዚህ መጸዳዳቱንም እዚያው መዝግቡት።

አዋቂ እባብ በወራት ውስጥ ጥቂት በመቶ ብቻ ቢቀንስ ጾም ነው። ከነበረው 10 በመቶ ያህል ከወረደ ግን ለሐኪም ማሳየት ተገቢ ነው። ግልገል ከሆነ ይህንንም አትጠብቁ። ዓይናችሁንም ተጠቀሙበት። ጀርባው ላይ አከርካሪው እንደ ቤት ጣሪያ ሹል ብሎ ከወጣ፣ ጎኑ ላይ ቆዳው ከተሸበሸበ፣ ሚዛኑ ምንም ይበል ምን እባቡ ከስቷል።

መጀመሪያ ምን ልፈትሽ?

ሙቀት። ሁለተኛም ሙቀት።

እባብ ምግብ የሚፈጨው በራሱ ሙቀት አይደለም። የሚተኛበት ቦታ በቂ ሙቀት ከሌለው የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ ሲበርደው አለመብላቱ ራሱን መጠበቁ ነው። ቦል ፓይተን በመኖሪያ ሳጥኑ ሞቃት ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ በቀዝቃዛው ጥግ ደግሞ ከ25 እስከ 27። ለኮርን ስኔክ ሞቃቱ ጥግ ከ29 እስከ 31፣ ቀዝቃዛው ከ22 እስከ 25 ቢሆን ደህና ነው። ሁለቱም ጥግ ያስፈልጋል። እባቡ በራሱ ፈቃድ ወዲያና ወዲህ እያለ ሙቀቱን ያመጣጥናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለካኩ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ ኮርን ስኔኩ ሰባት ሳምንት አልበላ ብሎት ጠራኝ። "ሙቀቱ ልክ ነው" አለኝ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ክብ ቴርሞሜትር በእርግጥም 30 ትላለች። ገመድ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይዤ ሄጄ ጫፉን እባቡ የሚተኛበት መደበቂያ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። 24 አለን። የተለጠፈችው ቴርሞሜትር የምትነግረው ከላይ ያለውን የመብራቱን ሙቀት ነበር። ከሥር ያለው ማሞቂያ ደግሞ አራት ጣት በሚሆን የእንጨት ፍርፋሪ ተሸፍኗል። ፍርፋሪውን አሳሳን፣ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የማሞቂያውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ፣ ወለሉ ላይ በተነበበው ልክ አስተካከልን፣ እባቡንም ተውነው። በዘጠነኛው ቀን በላ። ምግቡን አልቀየርንም፣ ሌላ ዘዴም አልተጠቀምንም።

ስለዚህ የምትለኩት እባቡ የሚተኛበትን ቦታ ነው። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት እንዳይሠራ። ያለ መቆጣጠሪያ የሚግል ማሞቂያ እባብን እስከ ሥጋው ድረስ ያቃጥላል፤ እባብ ደግሞ ከሥር ሲቃጠል ቶሎ አይሸሽም።

ሙቀቱ ልክ ነው። ከዚያስ?

መደበቂያ። እባብ ሲበላ አፉ ተይዟል፣ ሆዱ ከብዷል፣ ቢመጡበት ማምለጥ አይችልም። ስለዚህ ደህንነት ካልተሰማው አፉን አይከፍትም። ቦል ፓይተን በተፈጥሮው፣ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው የአይጥ ጉድጓድና የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። አራቱም ጎኑ መስታወት የሆነ፣ መሃሉ ባዶ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጡት ሜዳ ላይ እንደተጣለ ነው የሚቆጥረው።

ሁለት መደበቂያ ስጡት፤ አንዱ በሞቃቱ፣ ሌላው በቀዝቃዛው ጥግ። አንድ ብቻ ከሆነ ወይ ሙቀቱን ወይ መሸሸጊያውን ይመርጣል፤ ሁልጊዜ አንዱ ይጎድልበታል። መደበቂያው ጠባብ ይሁን። ተጠቅልሎ ሲገባ ጎኑ ግድግዳውን መንካት አለበት። ሰፊ ዋሻ ለእኛ ያምራል፤ እሱ ግን ጠበብ ያለውን ነው የሚወደው። የመስታወቱን ሦስት ጎን በወረቀት ወይም በጨርቅ ሸፍኑ። "ቤቱ ስለሰፋበት ነው አልበላ ያለው" ሲባል እሰማለሁ። በእኔ እምነት የሚያስጨንቀው ስፋቱ ሳይሆን ባዶነቱ ነው። ሰፊውን ቤት በቅጠል፣ በቅርንጫፍና በመደበቂያ ሙሉት፣ ልዩነቱን ታያላችሁ።

እርጥበትም አለ። ለቦል ፓይተን ከ60 እስከ 70 በመቶ፣ ለኮርን ስኔክ ከ40 እስከ 60 በመቶ አካባቢ ጥሩ ነው።

አዲስ እባብ ካመጣሁ ሳምንት ሆነው፣ እስካሁን አልበላም።

ተዉት። የምሬን ነው። አዲስ ሽታ፣ አዲስ ድምፅ፣ አዲስ ቤት ነው የገጠመው። ለመጀመሪያው ሳምንት አትያዙት፣ ለጓደኛ አታሳዩት፣ ውሃውን ብቻ ቀይሩ። ከሰባት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ምግብ አቅርቡ። እምቢ ካለ ሌላ ሳምንት ጠብቁ። ከመውሰዳችሁ በፊት የነበረበትን ሰው ምን ይበላ እንደነበር መጠየቅ ብዙ ድካም ያስቀራል፦ ትንሿን የቤት አይጥ ነው ትልቁን ዓይነት? የቀዘቀዘ ነው በሕይወት ያለ? በስንት ቀኑ?

ዓይኑ ደመና ለብሷል፣ ቆዳውም ደብዝዟል።

ቆዳውን ሊቀይር ነው። በዚህ ጊዜ ዓይኑ ላይ ያለው ቅርፊት ወተት ይመስላል፣ በደንብ አያይም፣ ስለዚህ ይሸሸጋል። አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቆዳውን ጥሎ ሲጨርስ አቅርቡለት፤ ብዙዎቹ ያኔ ርቧቸው ነው የሚወጡት። የተጣለውን ቆዳ ዓይኑ ድረስ ሙሉ መሆኑን እዩ።

ወንዱ ቦል ፓይተኔ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወራት ያቆማል። በሽታ ነው?

አይደለም፣ ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ። አዋቂ ወንድ ቦል ፓይተን የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይሰማዋል፤ ክፍሉን በማሞቂያ ብታሞቁትም ይሰማዋል። ማታ ማታ ቤቱን ሲዞር፣ ግድግዳውን ሲፈትሽ ታዩታላችሁ። የሚፈልገው ሴት እንጂ አይጥ አይደለም። የሆግኖዝ ወንዶችም እንደዚሁ ያደርጋሉ።

እኔ ዘንድ ያለው ወንድ የመጀመሪያውን ረጅም ጾም ሲጾም አላወቅኩም ነበር። በየሦስት ቀኑ አይጥ አቀርብለታለሁ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል። በኋላ መቆንጠጫውን ሲያይ ጭንቅላቱን ከተጠመጠመው ሰውነቱ ሥር ይደብቅ ጀመር። ያኔ ነው የገባኝ፤ ምግቡ ራሱ ማስፈራሪያ ሆኖበታል። መቆንጠጫውን አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ውሃ ከመቀየር በቀር አልነካሁትም፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ማቅረብ ጀመርኩ። ሚዛኑ ጾሙ ሲጀምር 1,450 ነበር፤ በአምስተኛው ወር 1,395። ከአራት በመቶ ያነሰ ማለት ነው። አንድ ማታ መደበቂያው አፍ ላይ ራሱን አውጥቶ፣ አንገቱን እንደ ኤስ ፊደል አጥፎ ሲጠብቅ አገኘሁት። ያንን አቋም አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ሳያመነታ የቀረበለትን በአንዴ ወሰደ።

ስለዚህ ለሚጾም እባብ ቶሎ ቶሎ አታቅርቡ። ለአዋቂ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ በቂ ነው።

ሴቷስ?

እንቁላል ወይም ልጅ የያዘች ሴት ብዙ ጊዜ ምግብ ታቆማለች። የኋለኛው ግማሽ አካሏ ከወፈረ፣ ከወንድ ጋር ከነበረች፣ ሆዷን ገልብጣ መተኛት ከጀመረች ይህን ጠርጥሩ። ለመጣል ስታምጥ ቆይታ መጨረስ ካቃታት ግን የሐኪም ጉዳይ ነው።

ከፍሪዘር የወጣ አይጥ አይነካም። ምን ላድርግ?

እዚህ ላይ ብዙ መሥራት ይቻላል። እባብ ምግብን የሚያውቀው በማሽተትና በሙቀት ነው። ምላሱን ሲያወጣ ከአየሩ ላይ ሽታ ይለቅምና ላንቃው ላይ ወዳለው የጃኮብሰን አካል ይወስደዋል። ፓይተኖች ደግሞ ከንፈራቸው ላይ ሙቀት የሚያዩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሏቸው። ለቦል ፓይተን ቀዝቃዛ አይጥ ማለት ድንጋይ ማለት ነው። ኮርን ስኔክ እነዚህ ጉድጓዶች የሉትም፤ እሱን ይበልጥ የሚመራው ሽታ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አይጡን ከምሽቱ በፊት ባለው ሌሊት ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አወርደዋለሁ፤ ቀስ ብሎ በረዶው ይለቃል። ማታ ላይ በፕላስቲክ ከረጢት አስሬ እጅ የሚያስችል ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ለትንሹ ሩብ ሰዓት፣ ለትልቁ ግማሽ ሰዓት። ሆዱን በጣቴ ጫን አድርጌ መሃሉ ቀዝቃዛ ወይም ጠንካራ አለመሆኑን አረጋግጣለሁ። ከዚያ በወረቀት አደርቀዋለሁ። በመጨረሻ የአይጡን ጭንቅላት ብቻ ለአንድ ደቂቃ ሞቅ ባለ ውሃ ላይ እይዘዋለሁ፤ ከሌላው አካል ጭንቅላቱ ቢሞቅ እባቡ በጭንቅላቱ በኩል ይመታል። ላዩ 38 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሕያው አይጥ ይመስለዋል። ማይክሮዌቭ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ያፈነዳዋል፣ አንዱን ቦታ ያበስላል፣ ሌላውን በረዶ ይተወዋል።

ሰዓቱ ማታ ይሁን፣ መብራቱ ደብዛዛ። አይጡን በጭራው ወይም በጀርባው ያዙና ከመደበቂያው ፊት ለፊት፣ ከእሱ እየራቀ እንደሚሄድ አይጥ አንቀሳቅሱት። ወደ ፊቱ አትግፉበት። በተፈጥሮ ምግብ ይሸሻል እንጂ ወደ አፍ አይመጣም። ምላሱ ከተፋጠነና አንገቱ ከታጠፈ እንቅስቃሴውን ቀንሱና ጠብቁ። ከመታው ቀጥ በሉ፤ አትተንፍሱ ማለት ይቀለኛል። እንዳሳደደው አድርጋችሁ ትንሽ ጎተት ብታደርጉት አጥብቆ ይይዛል።

ከአምስት ደቂቃ በላይ አትታገሉ። እምቢ ካለ አይጡን መደበቂያው በር ላይ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ አስቀምጡና መብራት አጥፍታችሁ ውጡ። ብዙ ዓይን አፋር እባቦች ሰው ሲሄድ ይበላሉ። ጠዋት ካልተነካ ጣሉት። መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።

በሕይወት ያለ አይጥ ብሰጠውስ?

አንዳንዱ እባብ እየተንቀሳቀሰ ካልቀረበለት አይበላም፤ እውነት ነው። እኔ ግን የመጨረሻ አማራጭ አድርጌ ነው የማየው። አይጥ ጥርስ አለው። የማይርበው እባብ ጋር ሌሊቱን ያደረ አይጥ እባቡን ይበላዋል። ጀርባው እስከ አጥንቱ ድረስ የተበላ እባብ ያየ ሰው ይህን ስሕተት አይደግመውም። ለአይጡም ቢሆን ተዘግቶበት መጠበቅ ሥቃይ ነው። ግድ ከሆነባችሁ ዓይናችሁን ለአንድ አፍታ አታንሱ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላም አውጡት።

ምግቡ ትልቅ ሆኖበት ይሆን?

ሊሆን ይችላል። የአይጡ ወገብ ከእባቡ ወፍራሙ ክፍል ጋር እኩል ወይም ትንሽ ያነሰ ቢሆን ይበቃል። ባለፈው ትልቅ በልቶ የተቸገረ እባብ ቀጣዩን ሊፈራ ይችላል። ሲጾም የቆየ እባብ ከለመደው በአንድ ደረጃ ያነሰ ብታቀርቡለት ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ደግሞ በተቃራኒው፣ በየሳምንቱ ከመጠን በላይ የሚቀለብ አዋቂ ስለጠገበ ብቻ ሊያቆም ይችላል።

ገና የተፈለፈለው ግልገል አንድም ቀን አልበላም።

ግልገል ከእንቁላል ሲወጣ የአስኳል ቅሪት ሆዱ ውስጥ አለ። አብዛኛውን ጊዜ መብላት የሚጀምረው የመጀመሪያ ቆዳውን ከጣለ በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በፊት አትጨነቁ።

ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ችግሩ አይጥ ምግብ መሆኑን አለማወቁ ነው። የኮርን ስኔክ ግልገል በዱር እንሽላሊትና ትናንሽ እንቁራሪት ነው የሚያሳድደው። ሆግኖዝ ደግሞ ጓጉንቸር ይወዳል። ስለዚህ ፀጉር ያላበቀለ የአይጥ ግልገል ወስዳችሁ በእንሽላሊት የተጣለ ቆዳ እሹት። ለሆግኖዝ አይጡን ከጣሳ በወጣ የቱና ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለቦል ፓይተን የጫጩት ላባ ሞክሩ፤ በዱር ወፍም ይበላል። የአይጡን ራስ በመርፌ ወግቶ ጠብታ ፈሳሽ እንዲወጣ ማድረግም አለ። ለማየት ደስ አይልም፤ ግን ሽታው ጠንካራ ነው፣ ብዙ ግልገል አትርፏል።

ሌላው ዘዴ ቦታ ማጥበብ ነው። ግልገሉን ከምግቡ ጋር አየር ማስገቢያ ያላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ፣ በእርጥብ ወረቀት ሸፍናችሁ፣ ሞቃቱ ጥግ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ባዶ ወረቀት ማግኘት የሚሰጠው ደስታ ልዩ ነው።

በሌላ ሳጥን ውስጥ ነው የማበላው። ችግር አለው?

ለአዋቂና ለዓይን አፋር እባብ አልመክርም። ከቤቱ አውጥቶ፣ ተሸክሞ፣ ባዶ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ከበላ በኋላ እንደገና ማንሳቱ ደግሞ ሊያስተፋው ይችላል። "ቤቱ ውስጥ ካበላሁት እጄን ይነክሳል" የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። አይጥ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከማንሳታችሁ በፊትም በመያዣ ዘንግ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት። ያን ጊዜ የምግብ ሰዓት አለመሆኑን ይለያል።

በልቶ ይተፋዋል።

ይህ ከአለመብላት የከፋ ነው፤ ቸል አትበሉት። የተለመዱት ምክንያቶች ቅዝቃዜ፣ ምግቡ መተለቁ፣ ወይም ከበላ በሁለት ቀን ውስጥ መነካቱ ናቸው። ሲተፋ የሆዱን አሲድና ብዙ ፈሳሽ ያጣል። ስለዚህ ርቦት እንኳ ቢመስላችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ምንም አትስጡት። ሲመለስ የተለመደውን ግማሽ የሚያህል አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አቅርቡ። ሁለተኛ ጊዜ ከተፋ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ደጋግሞ መትፋትና የመሃል አካል ማበጥ አንድ ላይ ከመጡ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። ሌሎች እባቦች ካሏችሁ ዕቃቸውን ለዩ።

በግድ ላብላው?

እቤት ውስጥ፣ በራሳችሁ፣ አታድርጉት። አፉን በግድ መክፈት ጥርሱን ይሰብራል፣ ጉሮሮውን ሊቀድ ይችላል፣ ከሁሉ በላይ ግን ምግብን ከፍርሃት ጋር ያስተሳስርበታል። በግድ የተበላ አይጥ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ማቆሚያ የሌለው ክሳት ላይ የደረሰ ግልገል ካለ፣ የሚሳቡ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም እንዴት እንደሚደረግ ፊት ለፊት ያሳያችሁ። ጾም ላይ ላለ ጤነኛ አዋቂ ግን ምንም ምክንያት የለም።

በየትኞቹ ምልክቶች ነው ወደ ሐኪም የምሮጠው?

አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ፊጭ የሚል፣ አፍንጫው ላይ አረፋ ያለው እባብ የመተንፈሻ አካል ሕመም አለበት። ድዱ ከቀላ ወይም አይብ የሚመስል መግል ከያዘ አፉ ታሟል፤ አፉ የሚያመው ደግሞ አይበላም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከዋለ ቅርፊቶቹ መሃልና ዓይኑ ዙሪያ ተመልከቱ፤ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ደም መጣጭ ተባይ ነው። ውሃው ሥር ሰምጠው ልታገኟቸውም ትችላላችሁ። ራሱን ወደ ሰማይ አንጋጦ የሚቀር፣ ሲገለብጡት መመለስ የሚያቅተው ቦአ ወይም ፓይተን የነርቭ ችግር አለበት፤ አንዱ ምክንያት በቫይረስ የሚመጣ ገዳይ በሽታ ስለሆነ ከሌሎቹ ወዲያው ለዩት።

ስትሄዱ የክብደት መዝገባችሁን፣ የሙቀቱን ቁጥርና ካገኛችሁ ትኩስ የሰገራ ናሙና ያዙ። ሐኪሙ ጥገኛ ትላትል መኖሩን የሚያየው በሰገራው ነው። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ሥራው ግማሽ አለቀ።

በላ! አሁንስ?

እንኳን ደስ አላችሁ። አሁን ግን ሆዱ ላይ አትቸኩሉበት። እባብ ሳይበላ ሲቆይ አንጀቱ ይሸበሸባል፣ ይቀጥናል። ሲበላ ያንን ሁሉ እንደገና ይገነባል። በበርማ ፓይተን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ትልቅ ምግብ ከበላ በኋላ የኃይል ፍጆታው ከ40 እጥፍ በላይ ሲያድግ፣ ልቡም በሁለት ቀን ውስጥ በ40 በመቶ ያህል ሲተልቅ ታይቷል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው የተዳከመ ሰውነት ከሆነ፣ ትልቅ አይጥ በአንዴ መስጠት ሊጎዳው ይችላል። በጣም የከሳ እባብ ከሆነማ ዳግም አመጋገቡን ከሐኪም ጋር ተመካክራችሁ ጀምሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምግብ ትንሽ ይሁን። ሁለት ቀን አትንኩት። በሰባተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ሌላ ትንሽ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ በልቶ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ሲጸዳዳ ወደ ድሮው መጠን ተመለሱ። መዝገባችሁ ላይ ቀኑን፣ የአይጡን መጠንና ሰዓቱን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር እንደገና ፊቱን ሲያዞር መጀመሪያ የምትገልጡት ያንን ገጽ ነው።